የቤታችን ጨው፦ ከባሕር እስከ ማዕድ

በዛሬው ዝግጅታችን ማዕድናት በተፈጥሮ እንዴት እንደሚፈጠሩ እንመለከታለን። ማዕድን ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወርቅና ዕንቁ ነው። ይሁንና በየዕለቱ የምንበላው ማዕድን አለ፤ እርሱም ጨው ነው።

ማዕድናት የሚፈጠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ከምድር ውስጥ የቀለጠ ዐለት ሲቀዘቅዝ ይፈጠራል። ሌላው ነባር ዐለት በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ ይገኛል። ጨው ግን የሚፈጠረው ውሃ ሲተን ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአፋር የሚገኘው የዳሎል አካባቢ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ረባዳ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚህ ገባ፤ በኋላም መግቢያው ተዘጋና ውሃው በፀሐይ ተነነ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨዋማ ንጥረ ነገር ይይዛል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን፣ ቀጥሎ ጀሶ ይረጋል። ከውሃው አሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ሲያልቅ የምንበላው ጨው ይወጣል። ፖታሽ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ጨው ሲረጋ ሶዲየምና ክሎሪን ተራ በተራ ይደረደራሉ። አዮዲን ግን በባሕሩ ውስጥ ከመነሻው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ድርድር ጋርም ስለማይገጥም አብዛኛው በተረፈው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አሞሌው የቱንም ያህል ነጭና ንጹሕ ቢሆን ለሰውነታችን የሚበቃ አዮዲን የለውም።

አንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር እናት 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። ሲጎድል እንቅርት ይመጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በማሕፀን ያለው ልጅ የአእምሮ እድገት መጎዳቱ ነው። በደጋው አገራችን ዝናብ የአፈሩን አዮዲን ስለሚያጥበው ከእህሉም በቂ አናገኝም። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተደነገገውም ስለዚህ ነው።

ይህን ስንል ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለውን አሞሌ ማጥላላታችን አይደለም። ተፈጥሮ በአሠራሯ ያስቀረችውን እኛ መመለስ አለብን ማለታችን ነው። ስለዚህ ስንገዛ አዮዲን ያለውን እንምረጥ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት ርቆ ይቀመጥ። ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመር። ጨው ማብዛት ግን ሌላ በሽታ ያመጣል፤ ዓይነቱን እንጂ መጠኑን አንጨምር።

አላህ ቤተሰቦቻችንን በጤና ይጠብቅልን።