ዒድን አብሮ ለመዋል በየትኛው በር?



ባለፈው ሳምንት ለኢፍጣር የተጠራነው መርካቶ አካባቢ የሚኖር አንድ ወንድማችን ቤት ነበር። ተምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ቀርቧል። ከሳህኖቹ መሃል የውኃ ጆግ ተደግፎ የቆመ ስልክ አለ። በስልኩ ላይ ባለቤቱና የአራት ዓመት ሴት ልጁ ይታያሉ፤ ያሉት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ ነው። አዛን ሲል እሱ ተምሩን አነሳ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ እስክትጠልቅ ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል። ትንሿ አባቷ ሲጎርስ እያየች «እኛ ገና ነን» አለችው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኝ» አለን እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል፤ ታሪኩን ግን «ሌላው እንደኔ እንዳይከስር ጻፉት» ብሎናል።

ኪሳራው የጀመረው ከአንድ ደላላ ነው። ደላላው «የጉብኝት ቪዛ ይቀላል፤ አንዴ ከገባህ በኋላ ወረቀቱ እዚያው ይስተካከላል» አለው። የሸንገን የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ለአዋቂ ሰው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በዚያ ላይ የጉዞ ዋስትና ኢንሹራንስ አለ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ አለ፣ የደላላው ድርሻ አለ። ወንድማችን ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ሁለት ጊዜ ተከለከለ። ሁለቱም ጊዜ የተሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፦ ቪዛው ሲያበቃ ለመመለስህ አላመንንም። እውነት ለመናገር ማን ያምናል? ሚስቱና ልጁ እዚያ ናቸው። ለጉብኝት ቪዛ መከልከያ የሆነበት ነገር ራሱ ለሌላ ቪዛ ዋና ማስረጃ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። ቢሰጠውም ኖሮ የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም፤ «ወረቀቱ እዚያው ይስተካከላል» የተባለውም በአብዛኛው ተመልሶ አዲስ አበባ መጥቶ እንደገና ማመልከት ማለት ነው።

አሁን የሚያንገበግበውን እንንገራችሁ። ይህ አባት ከመጀመሪያው ማመልከት የነበረበት ቪዛ ክፍያ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ልጅቷን ከመውለዷ በፊት ጀርመን ውስጥ ከስምንት ዓመት በላይ በሕጋዊ ፈቃድ ኖራለች፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድም ነበራት። እንዲህ ካለ ወላጅ እዚያ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ጀርመናዊ ነው። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስምንቱ ዓመት ወደ አምስት ወርዷል። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ሁለት በር አለው ማለት ነው። አንዱ በሚስት በኩል ነው፤ ሚስት የውጭ ዜጋ ስለሆነች ባል የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ (ኤ1 የሚባለውን) ተፈትኖ ማለፍ፣ እሷም በቂ ገቢና በቂ ቤት እንዳላት ማሳየት ይጠበቅባቸዋል፤ የቪዛው ክፍያም ለአዋቂ 75 ዩሮ ነው። ሌላው በር በልጅ በኩል ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ጀርመናዊ ልጅ አባት ወይም እናት ልጁን ለማሳደግ ሲሄድ የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም፣ የገቢ ማስረጃ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይቀርብበትም፣ የቪዛ ክፍያም አይከፍልም። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የልጁ ወላጅ መሆኑና የማሳደግ መብት ያለው መሆኑ።

ወንድማችን ግን ይህን ሲሰማ ሌላ ግድግዳ ገጠመው። በልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ኒካሑ የታሰረው በቤት ውስጥ፣ ኢማሙ፣ ወሊዩና ምስክሮች ባሉበት ነበር፤ በመንግሥት መዝገብ ግን አልገባም። እዚያ ያለው መዝጋቢ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሲጠይቅ እናትየው የምታሳየው አልነበራትም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በአካባቢያችን በብዛት የሚያጋጥመን ይኸው ነውና። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን እንደ ማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ እኩል ያውቀዋል። ኒካሕ ጋብቻ ነው። ነገር ግን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (760/2004) መሠረት ጋብቻ በ30 ቀን፣ ልደት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኤምባሲዎች የሚያነቡት የምዝገባውን ወረቀት ነው። የዘገየም ቢሆን ምስክሮችና የኒካሕ ወረቀት ይዞ ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ከማንኛውም የቪዛ ክፍያ በፊት ይህን መጨረስ ገንዘብ ያድናል። ስምም እንዲሁ። በፓስፖርቱ «መሐመድ»፣ በልደት ወረቀቱ «ሙሐመድ» ሆኖ በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ሲጻፍ ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ ለቆንስላው ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ደስ የማይለው ቢኖርም። ባልየው ውጭ ሆኖ በስልክ ወይም በወኪል የሚታሰር ኒካሕ በዝቷል። የቤተሰብ ሕጉ ተጋቢዎቹ ሁለቱም በአካል እንዲገኙ ያዛል፤ በወኪል የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ኖሮ ሲፈቀድ ብቻ ነው። የሙሽራዋን ወሊይ ማለታችን አይደለም፤ የሙሽራውን አለመኖር ነው። እንዲህ ዓይነት ጋብቻ ቪዛ ላይ ሲደርስ ጥያቄ ያስነሳል። ሙሽራው የአንድ ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ መጥቶ ቢያገባ በኋላ ከሚመጣው የሁለትና የሦስት ዓመት ክርክር ይረክሳል።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። መፍትሔው ከጠበቀው ቀላል ሆነ። አባትነትን መቀበል የሚባለውን መግለጫ አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ ቀርቦ መፈረም ይቻላል። እናትየው ደግሞ በምትኖርበት ከተማ የወጣቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዳ ፈቃዷን በነፃ ትሰጣለች፤ የጋራ የማሳደግ መብት መግለጫውም እዚያው በነፃ ይዘጋጃል።

በጀርመን ያላችሁ ወይም ዘመድ ያላችሁ ሌሎች አንባቢያን ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሙሉ የስደተኛነት እውቅና ያገኘ ሰው ውሳኔው ከጸናለት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ የቤተሰቡን ጥያቄ ካስመዘገበ፣ ገቢና ቤት እንዲያሳይ አይገደድም። ማስመዝገቡ በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው፤ እዚያው ያለው ሰው ራሱ ሊያደርገው ይችላል። ሦስት ወሩ ካለፈ ግን ሚስትና ሦስት ልጅ የሚያኖር ደመወዝና ቤት አምጣ ሊባል ነው። በጽዳት ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ የዓመታት ልዩነት ነው። ከሙሉ እውቅና ያነሰ ጥበቃ ብቻ የተሰጣቸው ግን ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ቤተሰብ የማምጣት መብታቸው ታግዷል፤ ለእነሱ «እናስጨርሳለን» የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

አሜሪካም ጥገኝነት ላገኘ ሰው ተመሳሳይ ነገር አለ፦ አይ-730 የሚባለው ቅጽ ክፍያ የለውም፤ ለትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ላሉ ያላገቡ ልጆች ነው፤ ጥገኝነቱ በተገኘ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። የዚያ አገር የቪዛ አሰጣጥ ግን በየጊዜው በሚወጣ ትእዛዝ ስለሚለዋወጥ፣ ትኬት ከመቁረጥም ቤት ከመሸጥም በፊት ኤምባሲው በዚያ ሰሞን ያወጣውን ማስታወቂያ ማየት ይበጃል።

የአብዛኞቻችን ቤተሰብ ያለው ግን ፍራንክፈርትም ዋሽንግተንም አይደለም፤ ዱባይ፣ ጅዳና ሪያድ ነው። በዚያ በኩል መለኪያው ደመወዝ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች አንድ ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን ስፖንሰር ለማድረግ በወር ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና የመኖሪያ ቤት ማግኘት አለበት። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በኤምሬቶች ኤምባሲ፣ እዚያ ደግሞ በአገሩ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። ያልተመዘገበ ኒካሕ ይህን መንገድ መጀመር እንኳ አይችልም። በሳውዲ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል ይከፈላል። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ሰው በዓመት 14,400 ሪያል ማለት ነው፤ የቤት ኪራዩ ሳይቆጠር። ብዙ ቤተሰቦች በኢቃማ ከማምጣት ይልቅ በቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ወይም ለረመዳን መገናኘት የሚመርጡት ለዚህ ነው። በጉብኝት ቪዛ የገባ ዑምራም ማድረግ ይችላል፤ ሐጅ ግን አይፈቀድለትም። ለቤት ሠራተኛ እህቶቻችን የሚሆን የቤተሰብ ቪዛ በተግባር የለም። ለእነሱ ያለው መገናኛ ውላቸው ላይ የተጻፈው የዕረፍት ጊዜና የአየር ትኬት ነው፤ ፈርመው ከመሄዳቸው በፊት ያ መስመር በውሉ ላይ መኖሩን ቤተሰብ ቢያይላቸው መልካም ነው።

ስለ ገንዘቡ ከጠየቃችሁን፣ ወንድማችን ለደላላው የከፈለው ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ነበር። ከሰላቱም ከጾሙም በላይ የከበደው ይህ እንደነበር አልደበቀንም። ለአሁኑ የትርጉምና የማረጋገጫ ወጪ ግን የሱቅ ጎረቤቶቹ በሳምንት እቁባቸው የመጀመሪያውን ዕጣ ሰጥተውታል።

ተራዊሕ ደርሶ ልንነሳ ስንል ፍራንክፈርት ላይ ፀሐይ ገባች። ልጅቷ ተምሯን ወደ ስልኩ አስጠግታ ለአባቷ አሳየችው፤ እሱም አፉን ከፈተላት። ኤምባሲ የሚፈርምበት ቀጠሮ የተያዘለት ከዒድ በኋላ ባለው ሁለተኛው ሳምንት ነው።