ጤና አዳም፣ ዝንጅብልና የወር አበባ ቁርጠት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የገባ፣ አልፎም ወደ አምባሰል የዘለቀ እንግዳ፣ ቡና ሲቀዳለት ሲኒው ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ቢያገኝ አይደንቅም። ጤና አዳም ናት። ፍሬዋ በርበሬ ውስጥ ይገባል፤ ሆድ ሲቆርጥም ቶሎ የምትታወሰው እሷ ናት። ልጃገረድ የወር አበባዋ መጥቶ ሆዷን ይዛ ስትተኛም፣ እናት ወደ ጓሮ ወጥታ ትቀጥፋታለች።

ቁርጠቱ እንዲህ ይነሣል። የማሕፀን ውስጠኛው ሽፋን ሊረግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የማሕፀንን ጡንቻ ያኮማትራል። ሲበዛ ጡንቻው አጥብቆ ይጨመቃል፣ የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ሕመሙም ወደ ወገብና ጭን ይዘልቃል። አይቡፕሮፌን የሚያስታግሰው የንጥረ ነገሩን መመረት ስለሚቀንስ ነው። «ቻይው፣ የሴት ዕጣ ነው» እያሉ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ስለዚህ ያሳዝነኛል፤ ማስታገሻ ያለው ሕመም ነው።

የሕንዱ ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ ሕመሙን ካሽታርታቫ ይለዋል። ቫታ የሚባለው የሰውነት ኃይል መንገዱን ሲስት ይመጣል ብሎ ያስረዳል። ይህ ማብራሪያ ከላብራቶሪው ቋንቋ ይርቃል፤ ለማስታገሻ የሚጠቀምባቸው ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድና አብሽ ግን እኛም ማጀት ውስጥ ያሉ ናቸው።

ከሦስቱ እኔ የማስቀድመው ዝንጅብልን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ የኢራን ጥናት 150 ተማሪዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን 250 ሚሊ ግራም የዝንጅብል ዱቄት በቀን 4 ጊዜ ለ3 ቀን ወሰደ፤ ሌሎቹ አይቡፕሮፌን ወይም ሜፌናሚክ አሲድ የተባለውን ማስታገሻ። እፎይታው ተቀራራቢ ሆነ። ሻይ ሲሆን መጠኑን መለካት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ደሙ በታየበት ቀን፣ ቁርጠቱ ሳይበረታ፣ ዝንጅብል ከትክቶ አፍልቶ መጠጣት ይበጃል። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ሆድ ላይ ማድረግም ጡንቻውን ያላላል።

ጤና አዳምን ግን እየወደድኳት እፈራታለሁ። ቡና ውስጥ የምትነከረው ቅጠል ሌላ፣ ተጨምቆ በብርጭቆ የሚጠጣው ሌላ። ብዙ ሲወሰድ ማሕፀንን ይቀሰቅሳል፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳል፤ በልዩ ልዩ አገሮች ፅንስ ለማስወረድ ሲባል ተጠጥቶ ሕይወት አጥፍቷል። ጭማቂው የነካው ቆዳ እንኳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት «ይመጣልሻል» ተብላ ጭማቂውን ልትጠጣ አይገባም፤ አስቀድማ እርግዝና መሆን አለመሆኑን ትመርመር።

ለዓመታት ሳያም ሲመጣ የኖረ የወር አበባ ድንገት ማሰቃየት ከጀመረ፣ ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከተከተለ፣ ወይም ሕመሙ ደሙ ከቆመም በኋላ ካልለቀቀ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማሕፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ መብቀሉ፣ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በዝንጅብል ሻይ አይድንም።