ትንሽ ወንዝ፣ አጭር ወቅት
የጀልባ ጉዞ ገበያ በአንዳሳ ይቻል ይሆን?

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። በወንዝ ጀልባ ገበያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሹን ወንዝ የሚያመሰግኑት ዓባይን ያዩት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን በአየር በሚነፉ ጀልባዎች የዓባይን ሸለቆ ወርዷል። ከአባላቱ አንዱ ግን ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞቷል። በ2003 መጨረሻ ጉዞ የጀመሩት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከዓባይ ምንጭ ሜዲትራኒያን ባሕር ለመድረስ 114 ቀናት ፈጅቶባቸዋል። ይህ የጥቂት ደፋሮች ሥራ እንጂ ለደንበኛ የሚቀርብ ሸቀጥ አይደለም።

ለገበያ የሚሆነው፣ የወንዞችን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በሚመድበው ዓለም አቀፍ መለኪያ 2ኛና 3ኛ ደረጃ የሚሰጠው ውሃ ነው። ከባሕር ዳር ሳይርቅ ይህን ለሚፈልግ አስጎብኚ በመጀመሪያ መጠናት ያለበት ከደቡብ ወርዶ፣ ጢስ ዓባይ ሳይደረስ ከዓባይ የሚቀላቀለው አንዳሳ ነው።

ሸቀጡ ውሃው ነው

የዚህ ንግድ ትልቁ ችግር የጀልባ ዋጋ ሳይሆን የውሃው ወቅት ነው። እንደ አንዳሳ ያለ ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ በአንድ ዝናብ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ይጎድላል። ጣና ግን ቀስ ብሎ ሞልቶ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በመስከረም ገደማ ነው። ስለዚህ ለመካከለኛ ቀዛፊ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው።

ጉዞው እስከ ዓባይ የሚቀጥል ከሆነ ሌላም ስሌት አለ። ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጨራ ጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ በቀጥታ ይቀዳል። ሰማይን ብቻ አይቶ ቀን የሚቆርጥ አስጎብኚ ደንበኛውን ድንጋይ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ከግዢው በፊት

ወንዙን ዳር ዳሩን በእግር መመርመር ይቀድማል። መሻገሪያውን፣ የተደበቀውን ድንጋይና ውሃው የጣለውን ግንድ የሚያውቀው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ የመሪነት ሥራውም የእርሱ ቢሆን ያዋጣል። ቀጥሎ የራስ ቁር፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያና የሚወረወር ገመድ፣ እንዲሁም መውጫው ላይ የሚጠብቅ መኪና ያስፈልጋል። መውጫው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ እጅግ ርቆ መሆን አለበት። የጣና የደንገል ታንኳ ለረጋ ውሃ እንጂ ለድንጋይ አልተሠራም። ዓባይ ላይ ጉማሬ፣ ውሃው ውስጥም ቢልሃርዚያ መኖሩን ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ቱሪዝሙን ክፉኛ ጎድቶታል። መንገዱ ሰላም እስኪሆን ቀን ቆርጦ ቀብድ መቀበል አይገባም። ጀልባ በውጭ ምንዛሪ ከማስመጣት በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ወንዙን ማየትና የውሃውን ከፍታ በየቀኑ መመዝገብ የሚጠይቀው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። አንድ ሰው ውሃ ከወሰደው ግን ገበያውም አብሮ ይሄዳል።