የተጣለ ፎቶ ምን ይመሰክራል?

በቡዳፔስት ነዋሪው የማይፈልገውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ደጃፉ ላይ የሚያወጣበት ቀን አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ለየሰፈሩ ተራ አውጥቶ ቀኑን ያስታውቃል፤ የተሰበረው ወንበር፣ የዛገው ምድጃ፣ የሟች አክስት ልብስ ሳይቀር መንገድ ዳር ይከመራል፤ ከዚያ መኪና መጥቶ ይጭነዋል። በ1980ዎቹ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚክሎሽ ታማሺ እና አኮሽ ሴፔሺ የተባሉ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክምሩን እየዞሩ ይበረብሩ ነበር። የሚፈልጉት የተጣለ ፎቶግራፍና ኔጋቲቭ ነው። በ2010 ከሰበሰቡት ውስጥ 5,000 ያህሉን መርጠው ማንም በነጻ እንዲያየው በኢንተርኔት ለቀቁት፤ ስሙንም ፎርቴፓን አሉት። ፎርቴፓን ቫትስ በምትባል የሃንጋሪ ከተማ የነበረው የፎርቴ ፋብሪካ ያመርተው የነበረ የፎቶ ፊልም ስም ነው።

ከመንገድ ዳር የተጀመረው ስብስብ ዛሬ ከ100,000 ምስል በእጅጉ አልፏል። አሁን አብዛኛውን የሚሰጡት ቤተሰቦች፣ ፎቶ አንሺዎችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አዘጋጆቹ ከመጣላቸው መርጠው ስካን ያደርጉና ከ1900 እስከ 1990 በተዘረጋ የዘመን መስመር ላይ በየዓመቱ ይደረድሩታል፤ ከ1990 ወዲህ የተነሳውን አያስገቡም። ምስሉን ማንም አውርዶ ለመጽሐፍም፣ ለፊልምም፣ ለንግድም ቢሆን ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚጠየቀው የፎርቴፓንንና የሰጪውን ስም መጥቀስ ነው። በ2019 በቀድሞው የቡዳ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የሃንጋሪ ብሔራዊ ጋለሪ ለእነዚህ ፎቶዎች ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶላቸዋል። ከቆሻሻ ክምር ቤተ መንግሥት መግባት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ስለ እንዲህ ያለ ስብስብ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ናፍቆት ነው፤ የድሮ ባርኔጣ፣ የድሮ ትራም፣ የድሮ ሳቅ። ናፍቆት የራሱ ጣዕም አለው፤ ለዚህ ሁሉ ድካም ግን በቂ ምክንያት አይሆንም። በእኔ አስተያየት የተጣለ ፎቶ ዋጋው ባለ ካሜራው ሳያስበው ባስገባው ነገር ላይ ነው። ጋዜጠኛ የሚያነሳው ለዜና ነው፤ የመንግሥት ፎቶ አንሺም ለመንግሥት ያነሳል። ሚስቱን ወይም ልጁን የሚያነሳ ሰው ግን ከጀርባ ስላለው ግድግዳ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሱቁ ደንታ የለውም፤ ደንታ ስለሌለውም አያሳምረውም፣ አይሸሽገውም። ይህ ምስክርነት ግን ብቻውን አይናገርም። አንዱ ፎቶ ከብዙ ሺህ መሰሎቹ ጎን ሲቀመጥና የሚያውቁ ሰዎች ሲነጋገሩበት ነው አፍ የሚያወጣው።

አንድ ቀን ያልተጻፈበት የቡዳፔስት ፎቶ እንውሰድ፤ አንዲት ሴት በዳኑብ ወንዝ ዳር ቆማለች እንበል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ በከተማዋ ያሉትን የዳኑብ ድልድዮች በሙሉ አፍርሰዋቸዋል። የሰንሰለት ድልድይ የሚባለው በ1949 ተጠግኖ ተከፈተ፤ የኤልሳቤጥ ድልድይ ግን እንደ ገና ተሠርቶ የተከፈተው በ1964 ነው። ስለዚህ ፎቶው ከጦርነቱ ወዲህ የተነሳ ከሆነና ከሴትዮዋ ጀርባ የሰንሰለት ድልድይ ቆሞ፣ የኤልሳቤጥ ድልድይ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ፎቶው ከ1949 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ውስጥ ተነስቷል ማለት ነው። ዳር ላይ ትራባንት መኪና ከታየ ደግሞ ከ1957 በፊት ሊሆን አይችልም፤ መኪናዋ መመረት የጀመረችው ያን ጊዜ ነውና። በሌላ ፎቶ ላይ የስታሊን ግዙፍ ሐውልት ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል፤ ሐውልቱ በታኅሣሥ 1951 ተመርቆ ጥቅምት 23 ቀን 1956 አመፀኞች ጎትተው ጥለውታል፣ መቆሚያው ላይ የቀረው ቦት ጫማው ብቻ ነው። የፎርቴፓን በጎ ፈቃደኞች የሚውሉት እንዲህ ባለ ሥራ ነው። የትራም ቁጥሩን፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የጣሪያውን ቅርጽ እያመሳከሩ ስም አልባውን ምስል ቦታና ዓመት ያሲዙታል። ሴትዮዋ ግን ካሜራ ፊት የቆመችው ለአዲሱ ካፖርቷ ሊሆን ይችላል።

አንባቢ እዚህ ላይ መቃወሙ አይቀርም፤ ሰው ካሜራ የሚያወጣው ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለሽርሽር ነው፤ ረሃብና ጭቅጭቅ፣ የሥራ ድካምም አልበም ውስጥ አይገባም፤ ታዲያ ይህ ስለ ዕለት ኑሮ ምን ይናገራል? ተቃውሞው እውነት አለው። መልሱን ግን ከቤጂንግ ማግኘት ይቻላል። ቶማ ሶቫን የተባለ ፈረንሳዊ ከ2009 ጀምሮ በዚያች ከተማ ዳርቻ ካለ የቆሻሻ ማከማቻ የተጣሉ ኔጋቲቮችን በኪሎ ሲገዛ ኖሯል። ሻጩ ኔጋቲቮቹን የሚሰበስበው በኬሚካል አሟሙቶ በውስጣቸው ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ነበር። በዚህ መንገድ ከአሲድ የተረፉት ምስሎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከ1985 እስከ 2005 ተራው ቻይናዊ ያነሳቸው ናቸው። ከእነሱ መካከል ሰዎች አምረው ለብሰው ከፍሪጅ አጠገብ የቆሙባቸው አሉ። አንዱን ብቻ ያየ ይስቃል፤ ፍሪጅ ደግሞ አብሮት ፎቶ የሚነሱት ነገር ነው? ተመሳሳዩን ደጋግሞ ያየ ግን ፍሪጅ በዚያ ዘመን ለቤተሰቡ ምን ያህል ትልቅ ድል እንደ ነበር ይረዳል። የመጀመሪያው የማክዶናልድ ምግብ ቤት በቤጂንግ የተከፈተው በ1992 ነው፤ ከደጁ ከቆመው የቀልደኛ አሻንጉሊት ጋር የተነሱትም እንዲሁ ናቸው። ሰው ለፎቶ ያስመስላል፤ ምን መምሰል እንደሚመኝ ግን በዚያው ያጋልጣል። የገበያ ጥናት ሰንጠረዥ የፍሪጁን ብዛት ይነግረን ይሆናል፤ ኩራቱን ግን አይነግረንም።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ካሜራ የሌለው ሰው ከዚህ ታሪክ ውጭ ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ነገር የለም፤ ፎርቴፓንም የመሥሪያ ቤትና የመዝገብ ቤት ፎቶዎችን እየጨመረ ክፍተቱን ያጠብበዋል እንጂ አይደፍነውም። ወደ አገራችን ስንመጣ ክፍተቱ ገደል ይሆናል። ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥት ነገር ነበር፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ሲያነሳ የኖረው የአርመናዊው የቦያጅያን ቤተሰብ ለዚህ ምስክር ነው። ኋላ ተራው ሰው ፎቶ መነሳት ሲጀምርም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፎቶ ቤት ገብቶ፣ መጋረጃ ፊት ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነው። መጋረጃው መንገዱን ይጋርዳል፤ ድልድይ የለ፣ መኪና የለ፣ የሱቅ ጽሑፍ የለ። እኔ የተመካሁበት ያ ሳይታሰብ የሚገባው ነገር እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፎቶ ከቆሻሻ ላይ ቢገኝ ከቡዳፔስቱ ይልቅ ዲዳ ነው፤ አፍ የሚሆነው ባለቤቱ ብቻ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ፕሮጀክት ፎቶዎቹን ከየቤቱ አልበም ከነታሪካቸው መሰብሰቡን ትክክለኛ መንገድ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ በ2018 ያሳተመው መጽሐፍም ምስሉንና የባለቤቱን ትረካ አብሮ የያዘ ነው።

የቀረው ጥያቄ የሥነ ምግባር ነው። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው መኝታ ቤት ሳይፈቅድ አደባባይ ይወጣል። ወራሹ ጣለው ማለት በፎቶው ላይ ያለው ሰው ፈቀደ ማለት አይደለም። ፎርቴፓን 1990 ላይ መቆሙ ተገቢ ጥንቃቄ ይመስለኛል፤ ጊዜ ራሱ መጋረጃ ነውና። የቤጂንጎቹ ባለ ፎቶዎች ግን ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ መገመት አያዳግትም፤ በዚያ ላይ ልቤ ሙሉ አይደለም። ቢሆንም አማራጩ የአሲድ በርሜል ነበር። ከመጥፋት መትረፉን እመርጣለሁ፤ መሳለቂያ እስካልሆነ ድረስ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የስሙ መጥፋት ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ድልድዩንና ትራሙን ያገኙታል፤ የሴትዮዋን ስም ግን የሚያውቀው ቤተሰቧ ነበር። አልበም ያላችሁ፣ አያትና አክስት በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ ከፎቶው ጀርባም በስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፉ። ጀርባው ላስቲክ መሳይ ሆኖ እርሳስ ካልያዘ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ፎቶው ከተቀመጠበት ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ «1965» ብቻ የሚል ጽሑፍ ያየ እንግዳ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይስታል። ኔጋቲቭ ካላችሁም አትጣሉት።