አንዲት ሞለኪውል ማግኔት ልትሆን ትችላለችን?

አንድ የማግኔት ዘንግ ለሁለት ቢቆረጥ፣ የተገኙት ቁራጮች እያንዳንዳቸው ሰሜንና ደቡብ ያላቸው ሙሉ ማግኔቶች እንደሚሆኑ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ቁራጩን ደግመን ብንቆርጠውም ውጤቱ ያው ነው። እንግዲህ ይህን መቆራረጥ እስከ ምን ድረስ ልንቀጥል እንችላለን? በመጨረሻ አንዲት ሞለኪውል ብቻ ብትቀር እርስዋም ማግኔት ትባላለችን? ይህ ጥያቄ የፊዚክስ ሊቃውንት ድርሻ ብቻ ቢመስልም፣ መልስ ወደ መስጠት ያደረሰው የኬሚስቶች ሥራ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልሱ እንዴት እንደ ተገኘና ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ምን ያህል እንደ ተራመደ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የተራው ማግኔት ጠባይ

እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን በሚባለው ጠባዩ ምክንያት በጣም ትንሽ ማግኔት ነው። በአብዛኞቹ ነገሮች ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጣመሩ፣ የአንዱ ኃይል የሌላውን ያጠፋዋል። በብረት ውስጥ ሳይጣመሩ የሚቀሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ከዚህም በላይ ጎረቤታሞቹ አቶሞች እርስ በርሳቸው እየተሳሰቡ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲቆሙ ይገደዳሉ። ይህ ማኅበር ጽኑ ስለ ሆነ ብረት እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ቢሞቅ እንኳ ኅብረቱ አይፈርስም።

ነገር ግን የማኅበሩ ኃይል ያለው በብዛቱ ነው። የብረቱ ቅንጣት ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጅ ብቻ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ፣ የሙቀት መናወጥ ቅንጣቱን በሙሉ ወዲያና ወዲህ ይገለብጠዋል፤ አቅጣጫውንም ይረሳል። ስለዚህ ማግኔት ለመባል መሳብ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ከውጭ የመጣው ኃይል ከተወገደ በኋላ አቅጣጫን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «ማግኔት» ስንል ይህን ትዝታ ማለታችን ነው።

2. አሥራ ሁለቱ የማንጋኔዝ አቶሞች

በ1980 ታዴዎሽ ሊስ የተባለ የፖላንድ ሊቅ አሥራ ሁለት የማንጋኔዝ አቶሞች በኦክሲጅን ተያይዘው፣ ዙሪያቸውም በአሴቴት የተሸፈነ አንድ ሞለኪውል ሠርቶ ቅርጹን በኤክስ ሬይ ገለጸ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ቀላልነት አለው። የማንጋኔዝ አሴቴትና ለቁስል ማጠቢያ የሚያገለግለው የፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ውሃ በተቀላቀለበት አሴቲክ አሲድ ውስጥ ሲዋሐዱና ለጥቂት ቀናት ሲቀመጡ ጥቁር ክሪስታሎች ይወጣሉ።

በሞለኪውሉ መካከል አራት፣ በዙሪያው ስምንት የማንጋኔዝ አቶሞች አሉ። በውጭ ያሉት ስምንቱ እያንዳንዳቸው አራት፣ በውስጥ ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሏቸው። የውጮቹ 32 ወደ ላይ፣ የውስጦቹ 12 ወደ ታች ቢቆሙ፣ የሚተርፉት 20 ናቸው፤ የእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን ግማሽ ስለ ሆነ የሞለኪውሉ ጠቅላላ ስፒን 10 ይሆናል። ይህ ቁጥር በልክ ተረጋግጦ የታተመው በ1991 ነበር።

ታላቁ ግኝት ግን በ1993 መጣ። በጣሊያን አገር በፍሎሬንስ ዩኒቨርሲቲ ሮቤርታ ሴሶሊና ዳንቴ ጋቴስኪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ክሪስታል እጅግ አቀዝቅዘው በማግኔት ኃይል ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ ኃይሉን ሲያስወግዱት፣ ክሪስታሉ አቅጣጫውን ይዞ ቆየ። በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው መሳሳብ በጣም ደካማ ስለ ሆነ፣ ትዝታው የማኅበሩ ሳይሆን የእያንዳንዷ ሞለኪውል መሆኑ ታወቀ። ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ «አዎን፣ ትችላለች» የሚል ሆነ። ክሪስታሉ በሰው እጅ ከገባ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

3. ትዝታው ምን ያህል ይቆያል?

ሞለኪውልዋ ከላይ ወደ ታች ለመገልበጥ በመካከል ያለውን የኃይል ኮረብታ መሻገር አለባት። የኮረብታው ከፍታ በሙቀት ሚዛን ሲለካ ወደ 62 ኬልቪን ይጠጋል። የመርሳቱን ጊዜ ለማግኘት፣ 62ን በሙቀቱ እናካፍላለን፤ 2.718 የተባለውን ቁጥር በዚያ ኃይል እናሳድጋለን፤ ውጤቱንም በሴኮንድ አምስት ሚሊዮንኛ እናባዛለን። አንባቢ በራሱ እጅ ቢያሰላው የሚከተለውን ያገኛል።

በ2 ኬልቪን፦ ወደ ሁለት ወር።
በ3 ኬልቪን፦ ወደ ሦስት ደቂቃ።
በ4 ኬልቪን፦ ወደ አንድ ሴኮንድ።

በሁለት ዲግሪ ልዩነት የሁለት ወር ትዝታ ወደ ዓይን ጥቅሻ ይወርዳል ማለት ነው። በክፍል ሙቀት ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ከዚህም ሌላ በ1996 ሁለት የምርምር ቡድኖች ሞለኪውልዋ ኮረብታውን ሳትወጣ በኳንተም ሕግ በውስጡ ሾልካ ልታልፍ እንደምትችል አሳዩ። የማግኔቱ መጠን በአንድ ወጥ መንገድ ሳይሆን እንደ ደረጃ እየዘለለ ይለዋወጥ ነበር። ለሳይንስ ትልቅ ድል ሲሆን ለትዝታው ግን አዲስ ቀዳዳ ሆነ።

4. የተሳሳተው ተስፋ

የኮረብታው ከፍታ ከስፒኑ ካሬ ጋር እንደሚያድግ ቀመሩ ያሳይ ስለ ነበር፣ ብዙ ኬሚስቶች «ስፒኑን እናብዛ» ብለው ተነሡ። በ2006 አሥራ ዘጠኝ ማንጋኔዝ ያለው፣ ስፒኑ 83/2 የሆነ ሞለኪውል ተሠራ፤ ከፊተኛው አራት እጅ በላይ መሆኑ ነው። ነገር ግን ትዝታው ከፊተኛው አልበለጠም፤ እንዲያውም እጅግ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱ በቀመሩ ውስጥ ሁለተኛ ቁጥር መኖሩ ነው፤ ይኸውም ሞለኪውልዋ አንዱን መስመር ከሌሎቹ አብልጣ የምትመርጥበት መጠን ነው። አቶሞቹ የየራሳቸውን መስመር ይዘው ወደ ተለያየ ጎን ሲያዘነብሉ ምርጫቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱን ቁጥር ብቻ እያዩ ሌላውን መርሳት እኛም በቤተ ሙከራችን ዘወትር የምንሠራው ስሕተት ስለ ሆነ፣ ይህ ምሳሌ ሊታሰብበት ይገባል።

5. ከብዙ አቶሞች ወደ አንድ አቶም

መፍትሔው ከተጠበቀው በተቃራኒ መጣ። በ2003 ናኦቶ ኢሺካዋና ባልደረቦቹ በጃፓን አንድ የቴርቢየም አቶም ብቻ በሁለት ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች መካከል ቢቀመጥ ትዝታ እንደሚያሳይ ገለጹ። ከዚያም ትኩረቱ ወደ ዲስፕሮሲየም ዞረ። የዚህ አቶም የኤሌክትሮን ደመና እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ኬሚስቱ ከላይና ከታች ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የካርቦን ቀለበቶች ቢያስቀምጥ፣ ደመናው ከሁለቱ እየሸሸ በመካከል ተጋድሞ ይቀራል፤ የማግኔቱም አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶውን ለመገልበጥ ደመናውን ወደ ቀለበቶቹ ማዞር ግድ ነው፤ ይህም ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

በዚህ መንገድ በ2017 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እስከ 60 ኬልቪን፣ በ2018 ደግሞ በሪቻርድ ሌይፊልድና በባልደረቦቹ እስከ 80 ኬልቪን የደረሰ ትዝታ ተለካ። በ2025 ሌላ የዲስፕሮሲየም ውሑድ እስከ 100 ኬልቪን ድረስ ማሳየቱ ታተመ።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ግን መጠንቀቅ ይገባናል። የማግኔቱ ኃይል በፍጥነት ከተለዋወጠ፣ ቶሎ የሚረሳ ነገር እንኳ የሚያስታውስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ይበልጥ ቁርጥ ያለው መለኪያ ትዝታው 100 ሴኮንድ የሚቆይበት ሙቀት ነው፤ ለ2018ቱ ውሑድ ይህ ቁጥር 80 ሳይሆን 65 ኬልቪን ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ማጠቃለያ

አንዲት ሞለኪውል አንድ ምልክት ብትይዝ፣ በትንሽ ገጽ ላይ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ሊከማች ይችላል የሚለው ተስፋ ምርምሩን ሲገፋው ቆይቷል። በተስፋና በሥራ መካከል ያለው ርቀት ግን ገና ሰፊ ነው። ሆኖም 77 ኬልቪንን መሻገር ተራ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት የሚያስፈልገው ፈሳሽ ሂሊየም በጣም ውድ ሲሆን፣ በ77 ኬልቪን የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ከምንተነፍሰው አየር ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ ምርምሩን ከጥቂት ባለጸጋ ቤተ ሙከራዎች ወደ ሌሎች ያቀርበዋል።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምናተርፈው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው የሞለኪውል ማግኔት የተሠራው በማንኛውም የኬሚስትሪ ክፍል መደርደሪያ ላይ ከሚገኙ ነገሮች ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ የጎደለው ክሪስታሉ ሳይሆን፣ ክሪስታሉን አቀዝቅዞ «ታስታውሳለህን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።