ለመሆኑ ቀዳዳ ምን ይናገራል?

የኩቢስት ቅርጽ ስናይ ብዙዎቻችን «ይኼ እኮ የተጣመመ ነው» ብለን እናልፋለን። ነገሩ ግን የሙያ ማነስ አይደለም። ኩቢስት ቀራጺ አካልን በማዕዘንና በጠፍጣፋ ገጽ ይከፋፍላል፤ መልሶ ሲገጣጥመው ባዶውን ቦታ ጭምር ያናግረዋል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኦሲፕ ዛድኪን ነው። በዛሬዋ ቤላሩስ፣ በቪቴብስክ ተወልዶ በፓሪስ የሠራው ይህ ቀራጺ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ሲያመላልስ በመርዝ ጋዝ ተጎድቷል። በ1940 እ.ኤ.አ. የናዚ አውሮፕላኖች የሆላንዷን የሮተርዳም ከተማ መሐል አወደሙ። በ1953 እ.ኤ.አ. የዛድኪን የነሐስ ሐውልት እዚያው ቆመ፤ እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ ገላው መሐሉ ላይ የተቦረቦረ ሰው። ቀዳዳው ልቧን የተነጠቀች ከተማ ነው።

ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልታችን የ1929 ዓ.ም.ን ጭፍጨፋ ሰዎቹን ቀርጾ በግልጽ ያሳያል። ዛድኪን ደግሞ የጠፋውን በባዶ ቦታ አሳየ። መንገዱ ሁለት፣ ሐዘኑ አንድ።

እንግዲህ ነገ በጎጆም ሆነ በአምቦ ስናስተምር፣ አንድ ሕፃን ደረቱ የተቦረቦረ የጭቃ ሰው ሠርቶ ቢያመጣ፣ «ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት «እስቲ ስለ እሱ ንገረን» እንበለው።