እንጅባራ፦ አንድ የቦታ ስም ወደ መዝገበ ቃላት ሲገባ

የቦታ ስሞችን ለመዝገበ ቃላት የሚያሰናዳ ሰው ሥራውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከካርታ ነው። ካርታ ግን ስሙን ከባለአገሩ አፍ ሳይሆን ከአንድ ጸሐፊ እጅ የተቀበለ በመሆኑ፣ ጸሐፊው ያልሰማው ድምፅ በካርታውም አይገኝም። በትርጉም ሥራም ላይ ያለው ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም። ለዚህ ማሳያ ይሆን ዘንድ እንጅባራን መርጠናል፤ ምክንያቱም በዚህች አንዲት ከተማና በዙሪያዋ ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስም ሲያወጡ ስለኖሩ ነው።

እንጅባራ በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተቀምጣለች፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 21 ሺህ ያህል ነበሩ። አገሩ ዝናባም ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፤ ቀርቀሃውም አጥርም፣ ወንበርም፣ ቅርጫትም ይሆናል። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ከእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር መሆኑ ተመዝግቧል።

ከተማዋ ሁለት ስም አላት። አንዱ ኮሶ በር ነው፤ ይህን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ አስተርጓሚ ይፈታዋል፤ ዛፉን ኮሶንና መተላለፊያን ያመለክታል። ጎረቤቷ አዲስ ቅዳምም እንዲሁ ናት፤ ስሟ ቅዳሜ የሚቆም ገበያ ያስታውሳል። በአንጻሩ ባንጃ፣ ዚገም፣ አንከሻ፣ ጓጉሳ የሚሉት ስሞች በአማርኛ አይፈቱም። እንግዲህ ልብ ላለው ሰው አንድ ሥርዐት ይታያል፦ የአማርኛ ስም በመንገድና በገበያ ላይ ሲያርፍ፣ የአገው ስም በመሬትና በዘር ላይ ጸንቶ ቀርቷል። ሥርዐቱ ፍጹም ነው አንልም፤ ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ግን የቱን ስም ማንን መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁመዋል።

እንጅባራ የሚለው አጻጻፍ ራሱ ወጥ አይደለም። እንጅባራ፣ እንጂባራ፣ ኢንጅባራ ተብሎ ተጽፎ እናገኘዋለን። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አካባቢውን ለቆ ወደ ቡሬ ሲያፈገፍግ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አርበኞችና የእንግሊዝ መኮንኖች ደግሞ ከበላያ በኩል ሲገቡ፣ ስሙ በሁለቱም ወገን የጦር ወረቀቶች እንጃባራ ወደሚል ንባብ በሚያመራ የላቲን አጻጻፍ ሰፈረ። ኢንጅባራ የሚለውም በእኛ ግምት ከላቲን ፊደል ተመልሶ የመጣ ነው፤ በሳድስ የሚጀምረውን ስም ፈረንጅ በራሱ አናባቢ ጻፈው፣ እኛም መልሰን ሣልስ አደረግነው። ስለዚህ ለዋና መግቢያነት የምንመርጠው እንጅባራን ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሕዝቡና የቋንቋው ስም ነው። አገው የሚለው ስም ሰፊ ነው፤ ብሌንን፣ ኽምራንና ቅማንትንም ይጨምራል። የዚህ አገር ሰው ራሱን የሚጠራው አዊ ብሎ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በዳንግላ ስለሚነገረው ልሳን በ1905 (በኤውሮጳ አቆጣጠር) ያሳተመው ጽሑፍ ቋንቋውን አውያ አለው፤ ይህ ግን የቋንቋ ሳይሆን የሰው መጠሪያ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 ስለ ግሱ ሥርዐት ባሳተመው መጽሐፍ ደቡብ አገው ብሎ ጠራው። ተናጋሪዎቹ የሚሉት ግን አውንጊ ነው፤ እኛም በአማርኛ እንዲህ እንጽፈዋለን።

እንጽፈዋለን እንጂ እንደሚባለው አይደለም። በአውንጊ ውስጥ አንድ ሰርናዊ ድምፅ አለ፤ አማርኛ የሚያውቀው እንግዳ በሚለው ቃል ውስጥ ን ከግ በፊት ስትውል ብቻ ነው። ለአማርኛ ይህ የን ጥላ ነው፤ ለአውንጊ ግን ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፤ ቃልም ይጀምርበታል። ለዚህ ድምፅ ከግዕዝ ፊደል ላይ የተቀጠለው ጘ ነው። በዚህ ፊደል የቋንቋው ስም አውጚ፣ ሁለት ላጘ፣ ሰባት ላጝታ፣ ቤት ደግሞ ጝን ተብሎ ይጻፋል። በአማርኛ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ጝንን «ንግን» ለማለት ይገደዳል፤ ያኔ አንዱ ድምፅ ሁለት ሆኖ ተሰነጠቀ ማለት ነው። በተቃራኒው ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ በሚባሉት ፊደላት የምንጽፋቸው፣ በጉሮሮ ግፊት የሚፈነዱ የአማርኛ ድምፆች በአውንጊ የሉም። ስለዚህ ከዚህ አገር የተሰማ የቦታ ስም በጠ ወይም በጨ ተጽፎ ሲገኝ፣ ስሙ በአማርኛ አፍ ያለፈ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ይህ የፊደል ነገር የምሁራን ቅንጦት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ አውንጊ ከእነርሱ አንዱ አልነበረም፤ የአዊ ገበሬ ማንበብ የተማረው በሌላ ቋንቋ ነው። አውንጊ የትምህርት ቋንቋ ለመሆን የበቃው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። በትምህርት ቤት ጘን የሚማር ልጅ የመንደሩን ስም በመታወቂያ ወረቀት ላይ በን እና በግ ተሰንጥቆ ሲያገኘው የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱን የማዘጋጀት ግዴታ ያለበትም የእኛ ሙያ ነው።

አሁን ቤት ወደሚለው ቃል እንለፍ፤ በዚህ አገር ተርጓሚን በብዙ መንገድ ይፈትነዋልና። በአገሩ ትውፊት አዊዎች ከላስታ የመጡ የሰባት ወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ እነዚህም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ፤ አገሩም ሰባት ቤት አገው ይባላል። እዚህ ላይ ቤት ዘር እንጂ ግድግዳና ጣራ አይደለም፤ ሰባት ቤት ጉራጌ ስንልም እንደዚሁ ነው። ስሞቹ በአንድ ጊዜ የአባትም የመሬትም ናቸው። ባንጃ ዛሬ ወረዳ ነው፤ መተከል ደግሞ በሌላ ክልል፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የዞን ስም ሆኗል። «መተከል» የሚለውን ቃል በአንድ የቆየ ጽሑፍ ውስጥ ያገኘ ተርጓሚ ስለ ሰው፣ ስለ ወገን ወይስ ስለ ግዛት እንደተጻፈ ሳይለይ ብዕሩን ማንሳት የለበትም።

ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ሌላ ቤት ነው። ከፍርድ ቤትና ከትምህርት ቤት ጋር የሚሰለፍ፣ የተቋም ስም ነው፤ የከተሞችን አስተዳደር በሚመለከተው የ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 አማካይነት በሕግ ቋንቋ ጸንቷል። በኤውሮጳ ቋንቋዎች አቻ ተብሎ የሚሰጠው ቃል ግን መሥሪያ ቤቱንም፣ ግዛቱንም፣ በግዛቱ የሚኖረውን ሕዝብም ያጠቃልላል። የእኛ ማዘጋጃ ቤት በር አለው፤ ሰው ግብር ሊከፍል ይገባበታል፤ ተወልጄ ያደግሁበት ማዘጋጃ ቤት የሚል ሰው ግን የለም። ስለዚህ «የገጠር ማዘጋጃ ቤት» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም በአማርኛ ጆሮ ከእርሻ መካከል የቆመ ቢሮ ነው። እንደየአገባቡ ወረዳ፣ ቀበሌ ወይም የከተማ አስተዳደር ማለት ይሻላል።

ማኅበር የሚለውም ቃል እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ምሥረታውን በ1932 ዓ.ም. ይዘክራል፤ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ ያከብራል። ማኅበር የጻድቅና የሰማዕት ዝክር ነው፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ የገበሬ ማኅበርም ሆኗል፤ የንግድ ማኅበርም ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከመጀመሪያው ዘንድ ይቀርባል፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ አብሮ ይወጣል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ተርጓሚ የስፖርት ክበብ ቢያስመስለው ግማሹን ጣለው ማለት ነው። በዚያ ሜዳ የሚሰሙት ዳማ፣ ጉራች፣ አምባላይ፣ ግላስና እርካብ የሚሉት ቃላትም ፈረስ ከከተማ በራቀበት በዚህ ዘመን ከአማርኛ መዝገበ ቃላት ተጠቃሚ አፍ እየወጡ ስለሆነ፣ ለቃል ሰብሳቢ ጥር 23 ከብዙ ቀን የመጻሕፍት ቤት ሥራ ይበልጣል።

አዲስ ቃልም አለ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን አንድ የግራር ዓይነት ከጤፍ ጋር ተክሎ፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል ያደርገዋል። ስሙን ከሳይንሳዊው መጠሪያ ቆርጦ ዲከረንስ ብሎታል። አማርኛ አቻ ልንፈልግለት አንመክርም፤ ቃሉ ገበያ ገብቶ ውሏል።

ለአስተያየት ያህል የመግቢያውን ረቂቅ እናቀርባለን፦

እንጅባራ፣ የቦታ ስም። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ፤ ሌላ ስሟ ኮሶ በር። ዙሪያዋን ባንጃ (ከሰባት ቤት አገው አንዱ) ይዞታል። የአገሩ ልሳን አውንጊ፣ በራሱ አጻጻፍ አውጚ። ኢንጅባራ የሚል ቢገኝ ወደዚህ ይመለሷል።